ከጤነኞች የተቆጠረው

ቦዲል ትራነ ሐኪም አልነበረችም። ይህንንም ማንም ሳይጠይቃት ቀድማ የምትናገረው እሷው ራሷ ነበረች። «እኔ ቀለም ነካሪ ነኝ፤ የሚያየው ሐኪሙ ነው» ትላለች። ውሸቷን ነበር። በሰሜኑ ብርዳም አገር፣ በዩላንድ፣ በባሕር ወሽመጥ ዳር ባለች አንዲት ከተማ፣ በሆስፒታሉ ምድር ቤት ሠላሳ አንድ ዓመት ማይክሮስኮፕ ላይ አጎንብሳ ኖራለች። ከላይ ፎቅ ካሉት ሐኪሞች ግማሾቹ የማያዩትን እሷ ታይ ነበር። እነሱም ያውቁታል። ነገር የጠበቀባቸው ቀን ደረጃውን ወርደው «ቦዲል፣ እስቲ ይቺን አንዴ እያት» ይሏታል። አይታ ትነግራቸዋለች። ወጥተው በየስማቸው ይፈርማሉ። እንደ ነውር የሚቆጥረው ሰው አልነበረም፤ እሷም ጭምር።

አባቷ የወተት ፋብሪካ ሠራተኛ፣ እናቷ የትምህርት ቤት ጽዳት ነበሩ። በዚያ አገር ልጅ ጥርስ ሳያበቅል የሚማረው አንድ ትምህርት አለ፤ «ከሌላው እበልጣለሁ ብለህ አታስብ» የሚል። ሲሰሙት መልካም ትምህርት ነው፤ ትሕትና ይመስላል። ትሕትናው የማን ደጃፍ ላይ ሬሳ እንደሚያስቀምጥ ግን የሚጠይቅ የለም።

አለቃዋን፣ ዶክተር ቶርኪል ራውንን፣ እንደ ሰፈር ልጅ «አንተ» እያለች በስሙ ትጠራዋለች። አንቱታ በዚያ አገር ከቀረ ቆይቷል። መታዘዝ ግን አልቀረም።

ቶርኪል ሕይወቱን የሰጠው ለአንድ በሽታ ነበር፤ ለቆለጥ ካንሰር። የወጣቶች በሽታ ነው። ገና ጢማቸው ያልጠነከረ ልጆች፣ አዲስ ያገቡ፣ ኳስ የሚራገጡ ልጆች ነው የሚይዘው፤ የዚያን አገር ወንድ ደግሞ ከሌላው ዓለም ወንድ አብልጦ ይይዘዋል። ነገሩ የሚጀመረው ልጁ ሳይወለድ ነው። በእናቱ ማህፀን ሳለ አድጎ መለወጥ የነበረበት ሕዋስ ሳያድግ ይቀራል፤ እንደ ጨቅላ ሆኖ በቆለጡ ውስጥ ይተኛል። ልጁ ጎረምሳ ሲሆን ይነቃል። ነቅቶም ዓመታት ዝም ይላል። እብጠት የለው፣ ሕመም የለው። የዓለም ምርጥ ሐኪም በጣቱ ቢዳስሰው አያገኘውም። በነዚያ የዝምታ ዓመታት ከተያዘ ትንሽ ጨረር ይበቃዋል፤ ሳይቃጠል በቅጠል ማለት ይህ ነው። ዝምታውን ጥሶ ከወጣ በኋላም ብዙዎቹ በመድኃኒት ይድናሉ። ሁሉም ግን አይድኑም።

የቦዲል ሥራ እዚህ ላይ ነው። ፀረ እንግዳ አካል የሚባለው ነገር ሰውነታችን በሽታ ሲገባበት የሚሠራው መያዣ ነው። ቶርኪል ለቤተ ሙከራው ያስመጣው ግን አንዲት ነገር ብቻ እንዲይዝ ተደርጎ የተሠራ ነበር፤ ያ ሳያድግ የቀረ ሕዋስ ገላው ላይ የሚሸከመውን ምልክት። ከሺህ ሕዋስ መሃል እሱን መርጦ ይይዛል፤ ይዞም አይለቅም። ቦዲል ከላዩ ቀለሙን ታፈስበታለች። የተያዘው እንደ በርበሬ ይቀላል። ያልተያዘው ሁሉ ፈዛዛ ሰማያዊ ሆኖ ይቀራል።

የቶርኪል ሐሳብ ደፋር ነበር። ቆለጥን መቁረጥ ሳያስፈልግ፣ ሕዋሶቹ ረግፈው በዘር ፈሳሽ ውስጥ ይወጡ ይሆናል፤ ከወጡ ደግሞ ቀለሙ ያገኛቸዋል፤ ብልቃጥ በመስጠት ብቻ የሰው ልጅ ሊተርፍ ነው። ይህን ለመፈተን ሁለት ክምር ያስፈልገዋል። አንዱ መታመማቸው የታወቀ ሰዎች ክምር ነው። ሌላው የጤነኞች ክምር።

ጤነኞቹ ከውትድርና ምርመራ መጡ። በዚያ አገር ወንድ ልጅ አሥራ ስምንት ዓመት ሲሞላው ይጠራና ይመዘናል፣ ይለካል፣ ዕጣም ያወጣል። ወሩንም ዓመቱንም በፈረንጅ አቆጣጠር ስንል፣ በሺህ ዘጠኝ መቶ ዘጠና ስምንት የጸደይ ወራት፣ ምርመራውን የጨረሰ ልጅ ሁሉ «ለሳይንስ የምትሰጠን ነገር አለ?» ተብሎ ተጠየቀ። ፈቃደኛ የሆነው ብልቃጥ ይሰጠውና ወደ ጓዳ ይገባል። አንድ ወረቀትም ያነባል፤ ስምህ በቁጥር ይተካል፣ ስምና ቁጥር ያለበት ዝርዝር ይቆለፍበታል፣ በሐምሌ ሠላሳ አንድ ቀን በሁለት ምስክሮች ፊት ይወድማል፣ ማንም ምንጊዜም ማንነትህን አያውቅም። ሦስት መቶ ልጆች አምነው ፈረሙ።

በሰኔ መጀመሪያ ቦዲል የአንድ ማክሰኞን ናሙናዎች ነከረች። ከሁለት መቶ ሰባት እስከ ሁለት መቶ አሥራ አራት፣ ስምንት ነበሩ። ሰባቱ ሰማያዊ ሆኑ። በስምንተኛው ላይ እጇ ቆመ።

ቀለሙ ተበላሽቶ እንደሆነ ብላ የማመሳከሪያው ናሙና የተቀባበትን ስስ መስታወት አየች። ንጹሕ ነው። ከዚያው ናሙና የተረፈውን ሌላ መስታወት ነከረች። ምሳዋን፣ የተፈጨ ጉበት የተቀባ ጥቁር ዳቦዋን፣ ሳትነካ ደረጃውን ወጣች።

«አራት ናቸው» አለችው ቶርኪልን።

«ከስንት?»

«ከስንት አትበለኝ። አራት ቀይ። ደግሜ ነክሬ ደግሞ አምስት።»

ቶርኪል ወርዶ አጎነበሰ። ረጅም፣ ፊቱን የባሕር ንፋስ ያከሰለው ሰው ነው። ብዙ ቆየ።

«ያምራሉ» አለ።

«ምኑ ነው የሚያምረው?»

«ቀለሙ ነዋ። እጅሽ ይባረክ።»

«ልጁስ?»

«የቱ ልጅ?»

«የነዚህ ባለቤት! የሁለት መቶ አሥራ አራት!»

ቶርኪል ቀና አለ። «ቦዲል፣ ይህ እኮ የጤነኞቹ ክምር ነው።»

«ታዲያ ጤነኛ አይደለማ።»

«ይህንን አናውቅም። የምንፈትነው ቀለሙን ነው እንጂ ልጁን አይደለም። ጤነኛ ክምር ውስጥ የቀላ ከተገኘ፣ ቀለሙ ተሳሳተ ተብሎ ነው የሚጻፈው። አካሄዱ ነው።»

አካሄዱ ነው! ልብ ላለው ሰው ይህቺ ቃል አንገት የምታንቅ ነች። በሽተኛ ፈልገህ ብልቃጥ ታሰባስባለህ፣ በሽተኛ ታገኛለህ፣ ከዚያ የቆመበት ክምር ጤነኛ ስለተባለ ጤነኛ ነው ትላለህ። በግ በረት ውስጥ የተገኘ ተኩላ ሁሉ በግ ነው እንደማለት።

ነገር ግን ቶርኪል ክፉ ሰው አልነበረም፤ ክፉ ቢሆን ኖሮ ይቀልል ነበር። ቦዲል አልነቃነቅም ብላ ስትቆምበት፣ ጥናቶችን ለሚፈቅደው የሥነ ምግባር ኮሚቴ ጻፈ፤ የቁጥር ሁለት መቶ አሥራ አራትን ስም ከፍተን ልጁን እንድንጠራ ይፈቀድልን ብሎ። የሰኔ መጨረሻ ነበር። ደብዳቤውን ፖስታ ቤት ጥሎ በሸራ ጀልባው ወደ ኖርዌይ ወጣ።

በሐምሌ ያ አገር ይዘጋል። ፋብሪካው ይዘጋል፣ ቢሮው ይዘጋል፣ ሰዉ በየበጋ ቤቱ ባንዲራ ሰቅሎ በረንዳ ላይ ዝናብ ያያል። ቦዲል ኮሚቴው ጋ ስትደውል የቴፕ ድምፅ መለሰላት፤ «መልካም በጋ! ቀጣዩ ስብሰባችን ነሐሴ አሥራ አራት ነው።» ዝርዝሩ የሚወድመው ሐምሌ ሠላሳ አንድ።

ባሏ ኤይለር ፖስተኛ ነው። በአሸዋው ዳር ባለችው የበጋ ቤታቸው አዲስ ድንችና የኮመጠጠ ሄሪንግ አሳ አቅርበው ተቀምጠዋል።

«ዝርዝሩ የተቆለፈው የት ነው?» አላት።

«የሊስቤት ቁም ሳጥን ውስጥ።»

«ሊስቤት፣ ያቺ ጸሐፊዋ? ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ አብራሽ የተማረችው?»

«እሷው።»

«እንግዲያው ሂጂና አንዲት ስም አንብቢ። አንዲት! እኔ በቀን ሺህ የሰው ስም አነባለሁ፤ እስካሁን የሞተብኝ የለም።»

«ቃል ገብተናል፣ ኤይለር። ለሦስት መቶ ልጆች።»

«ልጁ ቢጠየቅ ማንን የሚመርጥ ይመስልሻል? ቃላችሁን ወይስ ቆለጡን?»

ሳቀች። ወዲያው ሳቋን ዋጠችው። «ደግሞስ ተሳስቼ ቢሆንስ? እኔ ሐኪም አይደለሁም።»

«አትጀምሪኝ» አለ ኤይለር፣ ድንቹን እየላጠ። «በዚህ ቤት ሐኪም አለመሆንሽን ከኔ በላይ የሰማ የለም።»

ቦዲል ለቶርኪል ሦስት ጊዜ ደወለች፤ ባሕር ላይ ነው። ለሆስፒታሉ አስተዳደር ደወለች፤ ተተኪው ሰውዬ በጣም ጨዋ ነበር፤ «ስሜትሽ ይገባኛል፤ ሥልጣኑ ግን የለኝም» አላት። ለሌላ ሐኪም ደወለች፤ «የቶርኪል ጥናት ነው፣ እንዴት እገባበታለሁ?» አላት። ማንም አልጮኸባትም፣ ማንም አልሰደባትም። ሁሉም ተረዳት። መረዳት ብቻውን ሰው አያድንም።

ሐምሌ ሠላሳ አንድ ከቀትር በፊት ሊስቤት ቁም ሳጥኑን ከፈተች። ስድስት ገጽ ወረቀት። የወረቀት መቁረጫው መኪና ኮፒ ክፍል ውስጥ ነው።

«ቡና ጠጥተን እናድርገው?» አለች ሊስቤት።

«አይ፣ እንጨርሰው።»

«አንቺ፣ ደህና ነሽ? ፊትሽ አመድ መስሏል።»

«ሊስቤት... አንድ ሁለት ሳምንት ብናቆየውስ?»

ሊስቤት አየቻት። «ፈቃድ መጥቷል?»

«አልመጣም።»

«እኔና አንቺ የዛሬውን ቀን ጽፈን መፈረም አለብን። የውሸት ቀን ልጻፍ?»

ቦዲል ወረቀቶቹን ተቀበለቻት። በሠላሳ አንድ ዓመት ውስጥ አንድም የውሸት ቀን ጽፋ አታውቅም። ገጾቹን አንድ በአንድ ለመኪናው አጎረሰችው። አምስተኛው ላይ ስትደርስ ቁጥሮቹ ከሁለት መቶ አንድ እንደሚጀምሩ ዓይኗ ያዘ፤ እንዳታይ በመዳፏ ሸፈነችው። የሸፈነችውን ገፋችው። መኪናው በላው። ሁለቱም ፈረሙ።

ነሐሴ አሥራ ሰባት ከኮሚቴው ደብዳቤ መጣ። «የተሳታፊው ሕይወት አደጋ ላይ ሊሆን ስለሚችል፣ ስሙን ከፍቶ እሱን ማነጋገር ተፈቅዷል።» ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ።

ቶርኪል ደብዳቤውን ይዞ ምድር ቤት ወረደ። «ምናለ ትንሽ ብትቆዪ ኖሮ!»

«ቀኑ ተጽፎ ነበር።»

«አዎ» አለ። ወንበር ስቦ ተቀመጠ። «ተጽፎ ነበር።»

«ሦስት መቶዎቹን ሁሉ እንጥራ። በጋዜጣ፣ በሬዲዮ።»

«ሦስት መቶ ቤት ልናሸብር? ለዘጠኝ ሕዋስ? በሚቀጥለው ጸደይስ ማን ይሰጠናል?»

«እኔ እጠራለሁ።»

«በሆስፒታሉ ስም አትጠሪም» አላት ለስለስ ብሎ። «በራስሽ ስም የወደድሽውን ጻፊ። ነፃ አገር ነው።»

ቦዲል ከትምህርት ቤት ወዲህ ለሕዝብ የሚነበብ ነገር ጽፋ አታውቅም። ሦስት ምሽት ማእድ ቤት ተቀምጣ ጻፈች። ወጣቶች ሆይ፣ በዚህ ዓመት ጸደይ በውትድርና ምርመራ ላይ ብልቃጥ የሰጣችሁ፣ ከእናንተ አንዱ ሳያውቀው ታሞ ይሆናል፤ ሐኪማችሁ ዘንድ ሂዱ። ከዚያም ጻፈች፤ ይህ በሽታ በመጀመሪያው ጊዜ በእጅ ዳሰሳ አይገኝም፤ ሐኪሙ ምንም የለህም ቢላችሁ አትመኑ፣ ናሙና ተወስዶ በቀለም እንዲታይ ጠይቁ።

የከተማው ጋዜጣ አዘጋጅ ደወለላት። «ጥሩ ነው፣ ግን ረዝሟል። የአንባቢ ደብዳቤ ከሁለት መቶ ቃል አያልፍም። እኔ ልቁረጠው ወይስ አንቺ?»

«እኔ።»

እርሳስ ይዛ ተቀመጠች። ኤይለር ከትከሻዋ በላይ እያነበበ ነበር።

«ሰላምታውን አውጪው» አላት። «ማን ሰላምታ ያነባል?»

«እንዴት ሰላም ሳልል እጀምራለሁ?»

ሰላምታው ባለበት ቆየ። ስለ ዳሰሳው የምትለው ዓረፍተ ነገር ተሰረዘች። ቦዲል የሰረዘቻት ደብዳቤውን ለማሳጠር ብቻ አልነበረም። «ሐኪም ይህን ያጣዋል? ሐኪሙ አይታመን ብዬ በጋዜጣ ስጽፍ ምን ይሉኛል? የምድር ቤት ቀለም ነካሪ ሐኪም ልታስተምር ተነሣች ነው የሚሉኝ» ብላ ነው ያወጣችው። ልጅ ሳለች የተማረችው ያ ትምህርት እጇን ይዞ እርሳሱን ጎተተው።

ደብዳቤው ወጣ። አርባ አንድ ልጆች ወደየሰፈራቸው ሐኪም ሄዱ። ይህን የሰማች ቀን ቦዲል አለቀሰች፤ በደስታ። ከአርባ አንዱ እሱ አይጠፋም አለች። አርባ አንዱም ተዳስሰው ጤነኛ ተብለው ተመለሱ፤ አንዳቸውም ለናሙና ወደ ሆስፒታሉ አልተላኩም። ቦዲል የናሙና መቀበያ መዝገቡን በየሳምንቱ ታይ ነበር። ባዶ። ጥር ላይ ሐኪሞቹ ጋ ልደውል አለች፤ ስልኩን አነሣች፤ መልሳ አስቀመጠችው።

የቶርኪል ጥናት በፈረንጅ ሁለት ሺህ ዓመት ታተመ። በሠንጠረዡ የግራ ረድፍ ላይ እንዲህ ይላል፤ ጤነኞች ሦስት መቶ፣ ከነዚህ ውስጥ ቀለሙ የተሳሳተባቸው አንድ።

በሁለት ሺህ አንድ የመኸር ወራት አንድ ተቆርጦ የወጣ ቆለጥ በፎርማሊን ባልዲ ምድር ቤት ወረደ። ትሮልስ ስካውሩፕ፣ ሃያ አንድ ዓመት። ሳንባው ላይ፣ ጉበቱ ላይ፣ ራሱ ውስጥ ደርሷል ይላል ወረቀቱ። ቦዲል ቆረጠች፣ ነከረች፣ አየች። መስታወቱ ከዳር እስከ ዳር ቀይ ነበር።

ልክ በዕድሜው ነው። የነበሩት ግን ሦስት መቶ ናቸው፣ በከተማው ደግሞ በዚያ ዕድሜ ያሉ ልጆች እልፍ ናቸው። ሦስት ቀን ራሷን እንዲህ እያለች ያዘች። በአራተኛው ቀን ነጭ ጋዋኗን አውልቃ ወደ ካንሰር ክፍል ወጣች። በሠላሳ አራት ዓመት በሽተኛ ፊት ቆማ አታውቅም ነበር፤ የምታውቀው የሰውን ቁራጭ ነው።

ልጁ ራሱ ተላጭቶ፣ ትከሻው ሰፊ፣ ጉንጩ የገባ ነው።

«ደም ልትወስጂ ከሆነ የግራው ክንድ አልቋል። ቀኙን ሞክሪ» አላት።

«ደም አልወስድም። እኔ ከምድር ቤት ነኝ፣ ከቤተ ሙከራው። የአንተን... ቀለም የነከርኩት እኔ ነኝ።»

ትሮልስ ሳቁ ሳል ሆነበት። «አንቺ ነሽ እንዴ! ታዲያ እንዴት ነው፣ ተመቸው ወይ እዛ ታች? ሰላም በይልኝ።»

ቦዲል መሳቅም ማልቀስም አቃታት። «አንድ ነገር ልጠይቅህ? የውትድርና ምርመራህ መቼ ነበር?»

«የዛሬ ሦስት ዓመት ጸደይ። ትልቅ ዕጣ ቁጥር ወጣልኝና ከውትድርናው ነፃ ሆንኩ። ዕድለኛ ነኝ ብዬ ለጓደኞቼ ሁሉ ቢራ አጠጣሁ።»

«ብልቃጥስ ሰጥተውሃል?»

«እንዴት ይረሳል! ማክሰኞ ነበር፤ በሱ ምክንያት ከምሽት የኳስ ልምምድ ቀረሁ። ስምንት ሆነን ተሰለፍን፣ እኔ መጨረሻ። ሳጅኑ በሩን እየደበደበ ‹አንተ! ምንድን ነው፣ ሥዕል እየሳልክ ነው እንዴ?› ሲለኝ መቼም ያ ጉድ ጭራሽ እምቢ አለ። ወጥቼ ሳስረክብ ሰባቱም አጨበጨቡልኝ።»

ቦዲል ወንበር ፈልጋ ተቀመጠች። ስምንት ሰዎች፣ ማክሰኞ፣ መጨረሻ። ስምንት ናሙና የመጣበት ማክሰኞ ያን ጸደይ አንድ ብቻ ነበር።

«ምን ሆንሽ?»

«በዚያ ዓመት ጋዜጣ ላይ አንድ ደብዳቤ ወጥቶ ነበር» አለች።

«አዎ! እናቴ ቆርጣ ፍሪጁ ላይ ለጠፈችው። ሂድ፣ ሂድ፣ ሂድ፤ መውጫ ነሳችኝ። ሄድኩ። ሐኪማችን ሽማግሌ ነው፣ ከሕፃንነቴ ያውቀኛል። ዳበሰኝና ‹እንደ ኮርማ ጤነኛ ነህ፤ እናትህን ጋዜጣ ከልክላት› አለኝ። ስለዚህ ያለፈው ክረምት አንደኛው ሲጠነክርብኝ... በቃ ታይቻለሁ ብዬ ተውኩት። ጀርባዬን ሲያመኝ ደግሞ የመኪናው ወንበር ነው አልኩ። የአሳማ ጭነት መኪና ነው የምነዳው፤ ወንበሩ ራሱ ካንሰር ነው።»

«ደብዳቤውን የጻፍኩት እኔ ነኝ።»

ትሮልስ ትራሱ ላይ ቀና አለ። «ደግ አደረግሽ» አለ። «ያንቺ ጥፋት አይደለም።»

እዚህ ላይ ተነሥታ ብትሄድ ማንም አይፈርድባትም ነበር። ምሕረት በእጇ ገብቶላታል። ቦዲል ግን የሰው ምሕረት በውሸት መውሰድ አልቻለችም። ሁሉንም ነገረችው። አራቱን ሕዋስ፣ አምስቱን ሕዋስ፣ ሐምሌን፣ የወረቀት መቁረጫውን። ከደብዳቤዋ ያወጣቻትን ዓረፍተ ነገርም ቃል በቃል ነገረችው።

«በእጅ አይገኝም የሚለውን?»

«አዎ።»

«ለምን አወጣሽው?»

«ሐኪሞቹ ያውቁታል ብዬ። ሐኪም ለማስተማር እኔ ማን ነኝ ብዬ።»

«የኔ ሐኪም አያውቅም ነበር።»

«አያውቅም ነበር።»

«ስሜንስ? ዝርዝሩ ላይ አይተሽው ነበር?»

«እንዳላይ በእጄ ሸፈንኩት።»

ትሮልስ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ። ውጭ ዝናብ ነው፤ የብስክሌት ማቆሚያው ባዶ ነው።

«ውጪልኝ» አለ።

ወጣች። ለኤይለር ስትነግረው ኤይለር አንድም ቀልድ አልቀለደም። ከአምስት ቀን በኋላ አንዲት ነርስ ምድር ቤት ደወለች፤ «ስካውሩፕ የሚባለው ልጅ ‹ያቺን ቀለም ነካሪ ጥሩልኝ› ይላል።»

በአምስት ቀን ውስጥ ግማሽ ሰው ሆኖ ጠበቃት። እናቱ አልጋው ራስጌ ተቀምጣለች፤ አጭር፣ እጆቿ የሻከሩ ሴት። ለቦዲል ሰላምታ አልሰጠችም።

«በመጨረሻ ምን ብለው ጻፉኝ?» አለ ትሮልስ። «በጥናቱ ላይ።»

«ቀለሙ ተሳሳተ ተብሎ ነው የተጻፈው።»

«እኔስ?»

«አንተ ጤነኛ ነህ።»

«እማዬ፣ ሰማሽ? ጤነኛ ነኝ።» ሊስቅ ሞክሮ ተወው። «አንቺ፣ ወረቀት አምጪ። ቁጥር ሁለት መቶ አሥራ አራት እኔ ነኝ ብለሽ ጻፊ። ስምንተኛው እኔ ነበርኩ፣ ሳጅኑም ያስታውሰኛል በይ። እፈርማለሁ። ወስደሽ ለዚያ ባለ ጀልባ ሰውዬሽ ስጪው፣ ያስተካክል። ሌላ ልጅ ቀልቶ ሲገኝ ‹በፊትም እንዲህ ተሳስቶ ነበር› እንዳይሉት።»

ጻፈች። ፈረመ። ፊርማው ከመስመሩ ወርዶ ከወረቀቱ ጠርዝ ሊወድቅ ምንም አልቀረውም። እናቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ተናገረች፤ «እኔም እፈርማለሁ። ሐኪሙ ዘንድ ያደረስኩት እኔ ነኝ።»

ትሮልስ የገና በዓል ሊገባ አሥራ አንድ ቀን ሲቀረው ሞተ።

ቦዲል ሁለት መስታወት፣ አንድ ወረቀት ይዛ ፎቅ ወጣች። አንዱ የሁለት መቶ አሥራ አራት ነው፣ አንዱ የትሮልስ። ቶርኪል ሁለቱንም አየ። ወረቀቱን አነበበ። ዓይኑ ቀላ፤ ይህን መካድ አይገባም።

«አምንሻለሁ» አለ።

«እንግዲያው አስተካክለው። ከግራ ረድፍ ወደ ቀኝ ረድፍ፣ ከጤነኞቹ ወደ ታማሚዎቹ። አንድ ቁጥር ነው።»

«አልችልም። የአንድ ሰው ትዝታ ማስረጃ አይሆንም። ስምና ቁጥሩን የሚያገናኝ ወረቀት ቢኖር ኖሮ...»

«የለም።»

«የለም። የቆረጥሽው ደግሞ አንቺ ነሽ፣ ቦዲል።»

ለክፋት አላለውም። እውነት ስለሆነ ነው ያለው፤ ክርክሩም በዚያው አለቀ።

በሚቀጥለው ጸደይ ለአዲስ ጥናት አዲስ ብልቃጦች መጡ፤ ከነቁጥራቸው፣ ከነወረቀታቸው። ወረቀቱ ላይ ዝርዝሩ ሐምሌ ሠላሳ አንድ ይወድማል ይላል። ቦዲል ሳጥኑን ከፍታ አየችና ክዳኑን መልሳ ደፋችበት።

«አልነክርም» አለች።

«ምን ማለትሽ ነው?» አለ ቶርኪል።

«ይቺ ቀን ከወረቀቱ እስክትሰረዝ አልነክርም። ወይ ዝርዝሩ ይቀመጥ፣ ወይ የቀላበት ልጅ ይጠራ። ኮሚቴው በሐምሌ ይሰብሰብ። ሐኪሞቹም በእጅ እንደማይገኝ ይጻፍላቸው። እኔ እጽፍላቸዋለሁ፣ በራሴ ስም።»

«ይህን የምትወስኚው አንቺ አይደለሽም።»

«አውቃለሁ። እኔ ግን እዚህ ካሉት ሁሉ በላይ ይህን ነገር አይቼዋለሁ። ካንተም በላይ።»

ወጣቶቹ ሠራተኞች አቀረቀሩ፤ እንዲህ ያለ ንግግር በዚያ ምድር ቤት ተሰምቶ አያውቅም። አንዷ በኋላ ለሌላዋ «ምነው ራሷን እንዲህ ከፍ ከፍ አደረገች?» ስትል ተሰማች።

አልተባረረችም። በዚያ አገር እንዲህ ባለ ነገር ሰው አይባረርም። በጨዋነት አነጋግረዋት ወደ አንጀትና ሐሞት ናሙናዎች አዛወሯት፤ ጡረታ እስክትወጣም እዚያው ሠራች። ለሰባ ሁለት የሰፈር ሐኪሞች በእጇ የተጻፈ ደብዳቤ ላከች፤ ኤይለር በፖስታ ብስክሌቱ የራሱን ሰፈር ድርሻ አደረሰ። ዘጠኙ መለሱላት። ከዘጠኙ ሁለቱ አመሰገኗት፤ ሌሎቹ የትምህርት ደረጃዋን ጠየቁ።

የቀለሙን ሥራ ከሷ የተረከበችው ወጣት ሠራተኛ ጎበዝና ጠንቃቃ ነበረች። በዚያ ጸደይ ሁለት መቶ ሰማንያ ልጆች ብልቃጥ ሰጡ። የስማቸው ዝርዝር ሐምሌ ሠላሳ አንድ ቀን በሁለት ምስክሮች ፊት ተቆረጠ።